ያልገባንበት ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ሚልፒታስ ያለውን አፓርትመንት ልናይልሽ ስንገባ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንቺ ኩሽናውንና ቁም ሳጥኑን ለማየት ወደ ውስጥ ዘለቅሽ። እኔን ሽታው ያዘኝ። አዲስ ቀለም፣ ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ምንጣፍ፣ ተዘግቶ የከረመ መስኮት። የሰው ቤት ሁሉ የየራሱ ሽታ አለው፤ ባዶ ቤት ግን የትም ብትሄጂ አንድ ዓይነት ነው የሚሸተው። «ደህና ነሽ?» ስትይኝ «ቀለሙ ነው፣ ራሴን አመመኝ» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ራሴን አልነበረም።

አሁን እንግዲህ 880 ፍሪዌይ ላይ ተቀርቅረናል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም፣ አንቺም «የመጀመሪያ ቤትሽን እንዴት አገኘሽው?» እያልሽ ትጨቀጭቂኛለሽ። ያገኘሁትን ለመንገር መጀመሪያ ያጣነውን መንገር አለብኝ። ረጅም ነው። ግን የት ትሄጃለሽ? ከፍሪዌይ መሃል በር ከፍተሽ አትወርጂ።

ያኔ ከእህቴ ጋር ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ነበርን። እሷ የቤቱ በኩር፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ እኔ ስወለድ እሷ ለራሷ ትልቅ ሴት ነበረች። እናታችን ስትሞት አሜሪካ ያስመጣችኝ እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እትዬ ነው የምላት፣ ዛሬም እትዬ ናት። አሳደገችኝ ማለት ያንሳል፤ ፀጉሬ እንዴት እንደሚሠራ እንኳ የምትወስነው እሷ ነበረች።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ቤታችን አንዲት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነበረው። ሳሎኑ ግን የእኛ አልነበረም፣ የቀሚሶቹ ነበር። የሰፈሩ ሜክሲኮዎች ሴት ልጃቸው አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እንደ ሙሽራ አልብሰው ይደግሱላታል። እነዚያን ቀሚሶች የምታጠብበው፣ የምታሰፋው፣ የምታሳጥረው እህቴ ነበረች። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ዘርግታ ታንጠለጥላቸዋለች፤ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ወርቃማ፣ እያንዳንዱ ቀሚስ አንድ ወፍራም ሰው ያህላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በእነሱ ውስጥ አልፋ ነው ግድግዳው ላይ የምታርፈው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ በሙሉ ሮዝ ሆኖ፣ እህቴም ፊቷ ሮዝ ሆኖ፣ ማሽኗ ላይ አጎንብሳ አገኛታለሁ። የካውያው እንፋሎት ይሸታል። ከውጭ የአይስክሬም ጋሪው ደወል ይንሿሿል፣ ባቡሩም ወደ ጣቢያው ሲገባ ፍሬኑ ያፏጫል። እኔ መጽሐፌን ይዤ ከአንዱ ቀሚስ ሥር እገባና ተጋድሜ አነባለሁ። እንደዚያ የሚመች ቦታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ኮሌጅ ጨረስኩና ሳንታ ክላራ ያለ ሆስፒታል ላብ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። እህቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሺፍቱ የሚጀምረው ጠዋት በአሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ከፍሩትቬል የመጀመሪያውን ባቡር ብይዝ እንኳ አልደርስም። መኪና የለኝም፣ እሷ ደግሞ ፍሪዌይ ከሚሉት ነገር ጋር ፀበኛ ናት። ስለዚህ ለሥራዬ የሚቀርብ፣ ሳን ሆዜ አካባቢ ያለ ቤት ያስፈልጋል። እሷ በበኩሏ ከፍሩትቬል ርቃ መሄድ አትችልም። ደንበኞቿ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቀሚሱን በትከሻቸው ተሸክመው በእግራቸው የሚመጡ ናቸው፤ ሳን ሆዜ ድረስ ማን ይከተላታል?

ለጥቂት ቀናት እንደወትሮዋ ስትሰፋ ሰነበተች። ከዚያ አንድ ከሰዓት ላይ ከአንገቷ ሜትሯን አወለቀች። የባቡሩን መስመር ካርታ ከፍሪጁ ላይ ነቅላ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሜትሩን ከፍሩትቬል እስከ ሳን ሆዜ፣ መታጠፊያውን ሁሉ እያስከተለች፣ የሰው ወገብ እንደምትለካ አድርጋ ለካችው። ከዚያም ሜትሩን ለሁለት አጠፈችው። እጥፋቱ ዩኒየን ሲቲ ላይ ወደቀ።

«መሃሉ እዚህ ጋ ነው» አለች። «እኩል እንደክማለን።»

ፍሩትቬል ያለ አንድ ላውንደሪ ቤት ጥግ ሊሰጣት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ልኬቱን እዚያ ትወስዳለች፣ ልብሱን ቤት አምጥታ ትሰፋለች። ሁሉንም አስባ ጨርሳዋለች። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው። እዚያ አካባቢ ቤት ከተገኘ አብረን እንኖራለን፤ መስከረም እስኪጠባ፣ ሥራ እስክጀምር ካልተገኘ ግን እኔ ወደ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ፣ እሷ ፍሩትቬል ትቀራለች። ሁለታችንም ይህን አውቀነዋል። ሁለታችንም በአፋችን አላነሳነውም።

ቤት ፍለጋው የእሁድ ሥራ ሆነ። ከቅዳሴ ስንወጣ ጋሼ መኪናቸውን አስነስተው ይጠብቁናል። ጋሼ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ጎረምሳ ሳሉ መርካቶ ሱቅ ውስጥ የሠሩ፣ እዚህ መጥተው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ የነዱ። ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። እህቴ ኮታቸውንና ሱሪያቸውን ታስተካክልላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ የፈለግንበት ያደርሱናል። መኪናቸው ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም፤ ሬዲዮው እሳቸው ናቸው።

ቤቱን ሁሉ ያየነው ነጠላችንን እንዳጣፋን ነው። ሄይዋርድ ውስጥ አንዱ ማናጀር ነጭ በነጭ ሆነን ሲያየን ነርሶች መስለነው «የትኛው ሆስፒታል ነው የምትሠሩት?» አለን። እኔ ከማፈሬ የተነሣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እህቴ ግን ኮራ ብላ «ሳንታ ክላራ» ብላ መለሰችለት። በእኔ ሥራ መኩራቷ ነው።

ያላየነው ቤት የለም። አንዱ ከጎማ ቤት በላይ ነበር፤ አልጋ ቢገባበት አልጋውም ጎማ ጎማ ይሸታል። አንዱ ውብ ነበር፤ አፕሊኬሽን ስንሞላ ግን የእህቴ ክሬዲት ተጠየቀ። «ክሬዲቴማ በጣም ጥሩ ነው፣ ከሰው ተበድሬ አላውቅም» አለች። እዚህ አገር ይህ ራሱ ጥፋት መሆኑን ላስረዳት ስሞክር ከፍሪሞንት እስከ ቤታችን ያለው መንገድ አልበቃኝም። «ወይ ጉድ» አለች መጨረሻ ላይ፣ «ያልተበደረ ሰው አይታመንም ማለት ነው?» ጋሼ «ያላገባችን ሴት የፍቺ ወረቀትሽን አምጪ እንደማለት ነው» ብለው ጨመሩበት፣ ነገሩም እዚያው ቀረ።

እህቴ ቤት የምታይበት የራሷ መላ ነበራት። ቧንቧ አትከፍትም፣ ምድጃ አትነካም። ባዶው ሳሎን መሃል ሄዳ ትቆምና ዓይኗን ትጨፍናለች። ጋሼና እኔ በር ላይ እንጠብቃለን። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ራሷን ትወዘውዛለች፤ አይሆንም። ምን እንደምትሰማ ነግራኝ አታውቅም። አንድ ቀን ጋሼ ትዕግሥታቸው አልቆ «ልጄ፣ ቤት ነው ባል የምትመርጪው?» አሏት።

«ባልማ ቢሆን ኖሮ ጋሼ፣ ይሄኔ ሦስት ልጅ ወልጄ ነበር» አለቻቸው።

እነዚያን እሁዶች ዛሬ ሳስባቸው አንድ ረጅም ከሰዓት ይመስሉኛል። በአንድ በኩል የበጋ ፀሐይ ያደረቀው ቢጫ ተራራ፣ በሌላው በኩል የባሕረ ሰላጤው ጨዋማ ውኃ እያብለጨለጨ፣ በተከፈተው መስኮት ነፋሱ የእህቴን ነጠላ ፊቴ ላይ እየጣለብኝ። ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝና ሌላ ባዶ ቤት ደጃፍ ላይ እነቃለሁ። የትኛው ከተማ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልቸኩልም። ልጄ አሁን ከኋላ ወንበር ሲተኛ አየዋለሁ፣ ስቀሰቅሰው «ኣር ዊ ሆም?» ይለኛል፣ ቤት ደረስን ወይ ማለቱ ነው። እኔ ያኔ ያንን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ እሷ ካለች ደርሻለሁ።

ዩኒየን ሲቲ ያለውን ቤት ያገኘነው ጋሼ መንገድ ስተው ነው። «አልሳትኩም፣ አቋራጭ ነው» እያሉ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ሲሽከረከሩ እህቴ አንድ መስኮት ላይ በእጅ የተጻፈ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት አየች። ከጣቢያው በእግር የሚደረስ፣ ተራራው ሥር የተቀመጠ ትንሽ ቤት። የቤቱ ባለቤት ራሷ ከፈተችልን፤ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ አሮጊት ናት። ጉልበቷ ደክሞ፣ ዕቃዋን አውጥታ ልጇ ጋ ገብታለች። «ለኤጀንት አልሰጠሁትም» አለችን። «የሚኖርበትን ሰው ዓይኑን አይቼ ነው የምሰጠው።»

ውስጡ ባዶ ነው። ያ ሽታ፣ አዲሱ ቀለም። ሁለት መኝታ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ በሦስት ወገን መስኮት ብቻ የሆነች ክፍል። ተራራው በመስኮቱ ሙሉ ይታያል። ከሩቅ የዕቃ ባቡር ጮኸና አለፈ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። እህቴ የክፍሏ መሃል ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ እሳቸውም አያውቁም። ዓይኗን ስትገልጥ ሳቀች፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ። እኔ እዚያው ቀሚሶቹን አየኋቸው፤ በሦስቱም መስኮት ፊት ተንጠልጥለው፣ ያ ሁሉ ብርሃን በውስጣቸው እያለፈ።

እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ መጋረጃ ሳይወርድ ቀርቶ ነበር። ጠርዙ ተተርትሮ መሬት ይጎትታል። እህቴ የሰው ቤት መሆኑን ረሳችው መሰለኝ፤ ከቀሚሷ አንገት ሥር ክር ያለውን መርፌዋን መዘዘች፣ ሁልጊዜ እዚያ ሰክታው ነው የምትወጣው፣ ተንበርክካም ሰፋችው። አሮጊቷ አጠገቧ ቆማ ታያለች። «እናቴ የሰፋችው ነው» አለች በመጨረሻ። ክሩ ሲቆረጥ እህቴን እጇን ይዛ አስነሣቻት።

«ብዙ ሰው መጥቶ አይቶታል» አለች። «እኔ ግን እናንተ ብትኖሩበት ደስ ይለኛል። ትፈልጉታላችሁ?»

በቃ፣ ይኸው ነው። እህቴ ምን አለች መሰለሽ?

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ኢት ኢዝ ቱ መች ፎር አስ። ዊ ኦንሊ ቱ ፒፕል። ጊቭ ቱ ፋሚሊ፣ ዊዝ ቺልድረን።» ለእኛ ይበዛብናል፣ ሁለት ነፍስ ብቻ ነን፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ስጪው ማለቷ ነው።

አትሳቂ! አንቺስ? ባለፈው ቤቴ መጥተሽ ብይ ስልሽ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አላልሽም? «በሞቴ» ስልሽ «እሺ ትንሽዬ» አልሽ። ሦስተኛው ላይ ሳህኑን አጸዳሽው፣ እሰይ፣ እኔም ደስ አለኝ። እንደዚያ ነው ያደግነው። የተሰጠሽን ነገር በመጀመሪያው ጥያቄ ላፍ ማድረግ ሆዳምነት ነው። እህቴ ያደረገችውም ይህንኑ ነው፤ አንድ ጊዜ እምቢ አለችና ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች አንገቷን ደፋች። በልቧ ማሽኗን እዚያች ክፍል ውስጥ ተክላዋለች እኮ!

የአሮጊቷ ዓይን እንባ አቀረረ። የእህቴን ሁለቱንም እጆች ይዛ «እንዴት ያለሽ ደግ ሴት ነሽ» አለቻት። ስልክ ተለዋወጥን። ከጓሮዋ ዛፍ ሎሚ ቀጥፋ አሸከመችን፣ እየተንገዳገደችም እስከ መኪናው ድረስ ሸኘችን።

በሩ እንደተዘጋ ጋሼ መሪውን በሁለት እጃቸው መቱት። «አለቀ! ቤቱ የናንተ ነው!»

«አይ ጋሼ፣ ገና እኮ ነው» አለች እህቴ፣ ሳቋን በነጠላዋ እየሸፈነች።

«ምን ገና ነው? ስልክ ተቀብላለች። ካልፈለገችሽ ስልክሽ ምን ያደርግላታል? ሎሚውስ? ሎሚ ለማይፈልጉት ሰው ይሰጣል?» ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው እኔን አዩኝ። «አየሽ አይደል? ከእህትሽ ተማሪ። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚናገር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ነገ ትደውላለች» አለች እህቴ።

እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ተምሬያለሁ። ጓደኛዬ ማስቲካ ብታሳየኝ «ታንክ ዩ» ብዬ ወዲያው ነው ወደ አፌ የምወረውረው። ከእህቴ ጎን ስቆም ግን ሌላ ሰው ነኝ፤ ታላቅ እየተናገረ ጣልቃ አልገባም። ደግሞም አምኜ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች አንዳችንም አልተጠራጠርንም።

ያን ሳምንት የኖርነው ዩኒየን ሲቲ ነበር ብልሽ ይቀላል። እህቴ ፍሩትቬል ቁጭ ብላ እየሰፋች «ማሽኑን በምሥራቁ መስኮት በኩል ነው የማደርገው፣ የጠዋት ብርሃን ለዓይኔ ጥሩ ነው» ትላለች። እኔ «ተራራ የሚያየውን መኝታ ቤት አንቺ ውሰጂ» እላታለሁ። «አንቺ ውሰጂ እንጂ፣ በጨለማ ተነሥተሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ።» «ኧረ አንቺ!» «በእናታችን!» በሌለን ቤት፣ በሌለን ክፍል እንጣላለን፤ ተመልከቺ ደግሞ፣ እርስ በርስ ለመስጠት ነው የምንጣላው። የመስኮቶቹን ቁመት በዓይኗ ለክታ ይዛው ኖሮ ለመጋረጃ የሚሆን ስስ ነጭ ጨርቅ ገዝታ ቆረጠች። ሰው ልብስ ሲያሰፋ ሦስት ጊዜ ሳትለካ መቀስ የማታነሣ ሴት! ሎሚው ደግሞ ሳህን ላይ ሆኖ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል።

ሰኞ አልደወለችም። ልጇ ቤት ዕቃዋን እያስተካከለች ይሆናል አልን። ማክሰኞ እህቴ ስልኩን ማሽኗ ጎን አድርጋ ዋለች። ረቡዕ ጋሼ መጥተው «ኮል አድርጊላት፣ በቃ!» አሉ።

«ምን ብዬ ጋሼ? መጠየቅ ያለባት እሷ ናት። እኛ ከደወልንማ ልመና ሆነ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና ተቀመጡ።

ሐሙስ ከሰዓት እኔ ደወልኩ። አሮጊቷ ድምፄን ስትሰማ እንዴት ደስ እንዳላት! «እህትሽ እንዴት ናት? ስለ እሷ ሳስብ ነው የሰነበትኩት» አለችኝ። ከዚያም ነገረችኝ። እኛ ቤቱን ባየንበት በዚያው እሁድ ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት መጥተው ኖሯል። መጀመሪያ ልጆች ቤቱን ያበላሹብኛል ብላ ለመከልከል አስባ ነበር። የእህቴ ቃል ግን ትዝ አላት። ሰጠቻቸው። ሊዙን ፈርመው ትናንት ገብተዋል። «እህትሽ ባትመጣ ኖሮ ይህን አላደርገውም ነበር» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይባርካት በያት።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሳሎኑ በዚያ ሰዓት እንደ ልማዱ ሮዝ ሆኗል። እህቴ ካውያዋን አንሥታ፣ አንድ እጇ ቀሚሱ ላይ፣ ዓይኗ እኔ ላይ። «ምን አለች? እሺ በያት፣ እንገባለን በያት» አለችኝ። አሁን ደግሞ በስልክ ሁለተኛው ጥያቄ የመጣ መስሏታል።

ነገርኳት። ካውያዋን አስቀመጠች። «ልጆች ገቡበት?» አለች። «እሰይ። እሰይ፣ ይሁንላቸው።» ወደ ኩሽና ሄደች፣ ውኃ ከፈተች፣ ዘጋች። ስትመለስ ፊቷ ላይ የማላውቀው ነገር አለ። «እውነቷን መሰላት እኮ!» አለች። «የእውነት የምናገር መሰላት!» ሳቅ ያዛት። እኔንም ያዘኝ። ከቀሚሶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ እንባችን እስኪወርድ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ እንባው አልቆመም። እህቴ ስታለቅስ ያየሁት እናታችን የሞተች ጊዜ በቪዲዮ ጥሪ ነበር፣ ያን ቀን ደግሞ በዓይኔ።

ጋሼ ሲሰሙ ተቆጡ። «ሰው እንዴት ሦስቴ ሳይጠየቅ! አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ዞር! ይሄ ምን ዓይነት አገር ነው?» ሲሉ ሲሉ ደከማቸው። ወደ በሩ ሲሄዱ ለራሳቸው «እኔ ነኝ ጨዋ ያልኳት» አሉ። የተቆረጠው ነጭ ጨርቅ የማን ልጅ ቀሚስ ገበር እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ቀን ስገባ ጠረጴዛው ላይ የለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት እሁድ ወጥተናል፣ ግን ልብ አልነበረንም። እህቴ ባዶ ሳሎን መሃል ቆማ ዓይኗን መጨፈን ተወች። በር ላይ ሆና «ጥሩ ነው» ትላለች፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ጥሩ የተባለው ሁሉ እኛ ሳንደውል በሌላ ሰው ተያዘ። መስከረም ደረሰ። ጋሼ ሳን ሆዜ የሚያውቋቸው አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ከጓሮ የራሱ በር ያለው አንድ ክፍል፣ ላይት ሬይል የሚሉት የከተማ ባቡር ጎን። የመጀመሪያ ቤቴ ያ ነው። ስትጠይቂኝ የነበረው እሱ ነው፤ መልሱ ይህን ያህል አጭር ነው። ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ክፍል።

እይ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አይ፣ ቆመ።

የገባሁበት ቀን እሁድ ነበር። እህቴ አብራኝ መጣች። መስኮቱን ወለወለች፣ መሳቢያውን በወረቀት አነጠፈች፣ አልጋዬን አነጠፈችና መልሳ አፍርሳ እንደገና አነጠፈችው። አከራዮቼን «አደራ፣ ልጄ ናት» አለቻቸው። እህቴ ናት አላለችም። ከዚያ ቤሪዬሳ ጣቢያ ሄድን። መስመሩ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ ባቡሩ በሩን ከፍቶ ይቆማል። እሷ ገብታ ተቀመጠች፣ እኔ ውጭ ቆምኩ፣ በተከፈተው በር እናወራለን።

«ምሳ ሳትቋጥሪ እንዳትወጪ።»

«እሺ እትዬ።»

«አከራዮችሽን ጠዋት ጠዋት ሰላም በያቸው።»

«እሺ እትዬ።»

«በይ ሂጂ፣ አትቁሚ።»

«እሺ።» አልሄድኩም።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ባቡሩ ወለል ላይ ተኝታለች። እህቴ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቀና ሳትል «ወድጄው ነበር እኮ» አለች። «ያንን ቤት። ካንቺ ጋር ልኖርበት ፈልጌ ነበር።»

ማንም አልጠየቃትም። እንዲሁ ነው ያለችው፣ በመጀመሪያው። በሩ ሊዘጋ ሲጮህ ዘልዬ ገባሁና ጎኗ ተቀመጥኩ።

«አብደሻል? ነገ ሥራ አለሽ!»

«እስከ መሃል ልሸኝሽ» አልኳት።

አልተከራከረችም። እጄን ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሻሸች ሄድን። ሚልፒታስ አለፈ፣ ፍሪሞንት አለፈ። ከዚያ ወዲህ እኔ ባል አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። እሷ ዛሬም ፍሩትቬል ናት፣ መነጽር አድርጋ ትሰፋለች፤ ልጄ «አክስቴ» ብሎ ይጠራትና የቀረውን በእንግሊዝኛ ያወራታል። ለበዓል ትመጣለች፣ እንሄዳለን። አንድ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ ኖረን አናውቅም።

ያን ዕለት ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ ሁለታችንም ወደ ተራራው ዞረን ነበር። ቤቱ ከባቡሩ አይታይም። «በይ ውረጂ፣ ይመሽብሻል» ብላ በክርኗ ገፋችኝ። ጉንጯን ሳምኳትና ወረድኩ። ባቡሩ ይዟት ሄደ። ከእኔ ጋር ብዙ ሰው ወርዷል፣ የገበያ ፌስታል የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ቁልፉን ከኪሱ የሚያወጣ፤ ሁሉም በእግሩ ወደ ቤቱ ይበተናል። እኔ ደረጃውን ወረድኩና በማዶ በኩል መልሼ ወጣሁ፣ ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደኝን ልጠብቅ። ስልኬ ጮኸ።

«ገባሽ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ እትዬ። አንቺስ?»

«እኔም ገና ነኝ» አለች።